ተራራው ማንንም አልጠራም

ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለታላቁ ደራሲ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ዓይኗ ያው ነው። ሰላምታው በዚህ አለቀ። ተጨማሪ ካሰኘህ መጽሐፍህ ውስጥ ፈልግ፤ እዚያ ወፉም ድንጋዩም ሰው ባየ ቁጥር እጅ ይነሳል።

መጽሐፉ ደርሶኛል። የችግኝ ጣቢያችን ሹፌር ከፖስታ ቤት ሲያመጣው በክብደቱ ጡብ መስሎት መቀመጫው ሥር ወሽቆት ነበር። "ምን አልሽ? ወደድሽው ወይ?" እያልክ ሦስት ጊዜ ጽፈህልኛል። በስልክ እንዳልመልስልህ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ የእማዬ ዓይን ከደከመ ወዲህ ደግሞ ጆሮዋ የጉድ ሆኗል። እሷ እየሰማች አንተን መስደብ አልችልም። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁ።

ገና በመጀመሪያው ገጽ ጽዱ ሮዝ አበባ አውጥቷል። ጋሼ፣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጽድ ሳፈላ ኖሬአለሁ። ዘሩን በአሸዋ አሽቼ፣ አፈሩን በወንፊት ነፍቼ፣ ከምስጥ ጠብቄ፣ እንደ ሕፃን በጥላ አሳድጌ ነው የማወጣው። ሮዝ አበባ ያወጣ ጽድ ግን አይቼ አላውቅም። ምናልባት ለደራሲ ብቻ ይሆናል የሚያብበው። ገጽ አርባ ላይ ደግሞ እንቁራሪቶቹ "ስለ ምድር ኀዘን ያንጎራጉራሉ።" እንቁራሪት የሚጮኸው ሚስት ፍለጋ ነው። ኀዘን ምን አገባው?

ይሁን፤ ይህን ሁሉ አሳልፍልሃለሁ። ቤታችንን የቀበረውን የተራራውን መናድ ግን ምን አድርገኸዋል? ነሐሴ የሆነውን ነገር ወደ መስከረም አዛውረኸዋል፤ አበባ እንዲኖርህ ነው። ከምሳ በኋላ የሆነውን ለሌሊት ሰጥተኸዋል፤ ጨረቃ እንድታበራልህ ነው። እማዬ ልብስ ስታጥፍ እኮ ነበር! ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ፣ ከሦስት ቤተሰብ ጋር፣ በጥቁር ሰሌዳ ተጋርደን የኖርነውን "ወራቱም እንደ ጥላ አለፉ" ብለህ በአንድ መስመር ገላግለኸናል። ቅማሉስ? እማዬ እኛን ለማስተኛት እሷ ግድግዳ ተደግፋ ማደሯስ? ለተራራው ሁለት መቶ ገጽ፣ ለእኛ አንድ መስመር!

ምዕራፍ ሰባትን ሳነብ ግን ቆሽቴ ነው ያረረው። "ተራራው በስሙ ጠራው፤ አባቴም ጥሪውን ሰምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።" ተራራው ማንንም አልጠራም። አባዬን የመለሰው የእማዬ የስፌት መኪና ነው። "ሮጥ ብለህ አምጣልኝ" አለችው፤ ገባ፤ ጭቃው ቀበረው። ይህን የነገረችኝ ራሷ እማዬ ናት። አንተ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆነህ እዚያው ቆመህ አይተሃል። ታዲያ ማንን ነው የምታታልለው?

እማዬ መጽሐፉን አንብቢልኝ ብላኛለች። ከሥራ ስገባ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለን ጀምረናል። እግዜር ይሁነኝ።

ጭቃ ነኪዋ እህትህ


ጥቅምት 27 ቀን

ለቆንጥሯ እህቴ፤

ልጅ እያለሽ ቆንጥር ያልኩሽ በከንቱ አልነበረም። ደብዳቤሽን ይዤ ለመተኛት ሞክሬ ነበር፤ ወጋኝ።

የጽዱን ነገር ተቀብያለሁ፤ በሚቀጥለው እትም ይታረማል። እንቁራሪቶቹን ግን አልነካቸውም። አንቺ ዛፍ ስታዪ የሚታይሽ ከረጢት፣ ፍግና የውሃ ቧንቧ ነው። አልፈርድብሽም፤ ደመወዝሽ ከዚያ ነው። ነገር ግን የቀለበ ሁሉ አወቀ ማለት አይደለም። ላም የሚያልብ ሰው ስለ ላም ዓይን አንድ ቃል ሳይናገር ሊሞት ይችላል።

በፖስታው ጀርባ ላይ ስለ መስኮቴ ጠይቀሻል። ልታላግጪ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም እውነቱን ልንገርሽ። አራተኛ ፎቅ ነኝ። ከመስኮቴ የሚታየው የጋራዥ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። ያንን ተራራ የጻፍኩት ወደዚያ ግድግዳ እያየሁ ነው። በዕቃ የተከልኩት አንድ አበባ ነበረኝ፤ ደርቋል። በይ አሁን ሳቂ።

ስለ ስምንቱ ወራት ያልሽው እውነት ነው። ጽፌው ነበር። ስልሳ ገጽ ጽፌ ቀደድኩት። አዘጋጇ "አንባቢ ይሰለቻል" አለችኝ፤ እኔም ሰበብ ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ምዕራፍ ሰባትን ለእማዬ አታንብቢላት። ዝለይው። ከስድስት ወደ ስምንት ብትሻገሪ ምንም አይጎድልባትም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። በታላቅነቴ አንድ ጊዜ እንኳ ያዘዝኩሽ ነገር ካለ ይሄ ነው።

ወንድምሽ


ኅዳር 12 ቀን

ለግድግዳው ገጣሚ፤

የጋራዡን ነገር ለእማዬ ነገርኳትና ከልቧ ሳቀች፤ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰው ግድግዳ እያየ ተራራ ሲጽፍ ጽድ ቢያብብ ምን ይገርማል?

ዘግይቼ የጻፍኩት በበረዶ ምክንያት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ለሩብ ሰዓት ብቻ ወረደ፤ የጥላውን መረብ ቀዳዶ አራት ሺህ ችግኝ አወደመብን። አንድ ዓመት ሙሉ ያጠጣናቸው ነበሩ። አንተ ብትሆን "ሰማዩ ነጭ ዕንቁ በተነ" ትል ነበር። እኛ ግን አጎንብሰን የተሰበረውን ስንለቅም ዋልን። አለቃችን ሪፖርት ጻፊ አለችኝ፤ "በረዶ መታው" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቃል አልሞላም፤ ያነበበው ሁሉ ግን ገብቶታል።

የእማዬን ነገር ልንገርህ፤ ሳትወድ ደስ ይበልህ። መጽሐፍህን ትወደዋለች። ከሥራ ስገባ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትጠብቀኛለች። "ትናንት የት ላይ ነበርን?" ትላለች። እኔም እያቃጠለኝ አነባለሁ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነን።

ለምንድን ነው የምዘለው? አፍረህባት ነው? ባሏን ለብረት የላከች እናት አንባቢህ ፊት አታምርም? እሷ እኮ አልደበቀችም! ለእኔ ለልጇ በራሷ አፍ ነግራኛለች። አንተ ነህ የደበቅከው።

አንድ ነገር ልጻፍልህና ከዚያ ቅደደው። እናቴን አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ ሐኪም ቤት ይዣት እሄዳለሁ። ጎረቤት ሁሉ "የተባረከች ልጅ" ይለኛል። ግን እጇን ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ያቺ የስፌት መኪና መሃላችን ቁጭ ብላለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት። አንድም ቀን ጮኼባት አላውቅም፤ አንድም ቀን ደግሞ ከልቤ አቅፌያት አላውቅም። አንተ ተራራ ስታስዘምር እኔ የምኖረው እንዲህ ነው።

አልዘለውም።

እህትህ


ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለእውነት ጠበቃዋ፤

እማዬ በሹፌራችሁ እጅ አስጽፋ ደብዳቤ ልካልኛለች። አታውቂም አይደል? ሰውየው ፊደሉ እንደ መንገዳችሁ ይንገጫገጫል፤ ቢሆንም አነበብኩት። "ልጄ፣ መጽሐፍህ አንጀቴን አራሰው" ትላለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። "በተለይ ካላመሰገኑኝ ድልድዩን አልሻገርም ያለችውን አህያ መቼም አልረሳትም።"

አህያ? በመጽሐፌ ውስጥ አህያ የለችም። ፈረስ እንኳ የለም።

ቀጥላ ደግሞ "ተራራውን ለመሸጥ የመጣው ነጋዴና የሚዛኑ ነገር በሳቅ ገደለኝ" ትላለች። ነጋዴም የለም፤ ሚዛንም የለም። ሁለት ጊዜ ገልጬ ፈለግኩ። ለአንድ አፍታ ማተሚያ ቤቱ የሌላ ሰው መጽሐፍ ጠርዞብኝ እንደሆነ ጠረጠርኩ። ከዚያ ገባኝ።

አንቺ! በረዶ በሁለት ቃል የሚበቃሽ፣ ለእንቁራሪት ጠበቃ የቆምሽው! ለዓይነ ስውር እናትሽ በእኔ ስም አህያ እያስቀባጠርሽ ነው! ለሁለት ቀን ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ። የጋራዡ ሰዎች ያበድኩ መስሏቸው ቀና ብለው አዩኝ።

አሁን ሳቁን ላቁም። ልጅ እያለሽ ምን እንደነበርሽ ታስታውሻለሽ? አራትና አምስት ዓመት ሳለሽ በግቢው ውስጥ ውሸታሟ፣ ተረት ፈጣሪዋ አንቺ ነበርሽ። የጓሮ ክፍላችንን የተከራየው ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ሌሊት ሌሊት ሰዓቶቹን ጡት ያጠባል ብለሽ ሰፈሩን አሳምነሽ ነበር። ሕፃናቱ ሊያዩ መስኮቱ ላይ ይሰለፉ ነበር። እኔ ከአንቺ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ከተራራው በኋላ ግን ዝም አልሽ፤ ከዚያ ወዲህ የማያየውን ነገር የሚያወራ ሰው ሁሉ ትንቂያለሽ። እኔ የያዝኩት ያንቺን ሥራ ነው፤ ወድቆ አግኝቼው ነው ያነሳሁት። አህያይቱን ሳነብ ከእኔ እንደምትበልጪ ገባኝ፤ ምቀኝነትም ያዘኝ።

ስለዚህ በአህያይቱ ይሁንብሽ፤ ምዕራፍ ሰባትን አታንብቢላት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ወንድሜ፤

አህያይቱን ያስገባኋት እማዬ ልታንቀላፋ ስለነበር ነው። ስለ ጤዛ አሥራ አንድ ገጽ ጽፈሃል። ሰው በጤዛ ይሞታል? አህያ ሳስገባ ነቃች። ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም።

ለሌላው ግን ይቅርታ መጠየቅ ሳይኖርብኝ አይቀርም፤ ማንን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ምዕራፍ ሰባትን አነበብኩላት። ቅዳሜ ነው፤ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። "ተራራው ጠራው" የሚለው ጋ ስደርስ ቀየርኩት። "እናቴ የስፌት መኪናዬን አምጣልኝ አለችው፤ አባቴም ወደ ቤቱ ተመለሰ" ብዬ አነበብኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ፊቷን እያየሁ ነው ያነበብኩት። ክፋት ነው፤ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

እጇን አነሳች። "እንደተጻፈው አንብቢው" አለችኝ።

"እንደተጻፈው ነው እኮ እማዬ።"

"አይደለም። ልጄ የስፌት መኪና አይጽፍም።"

"ለምን አይጽፍም?"

"ስላልነበረ" አለችኝ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ይኸው ሦስተኛ ቀኗ፤ ምግብ ስሰጣት ትቀበለኛለች፣ "እግዜር ይስጥሽ" ትለኛለች እንደ እንግዳ፤ ከዚያ ውጪ ቃል የለም። "ስላልነበረ" ማለት ምን ማለት ነው? መኪናው አልነበረም? ታዲያ አባዬ ለምን ተመለሰ?

አንተ ታውቃለህ። ዝለይው ስትለኝ ነው ማወቅህ የገባኝ፤ አሁን ደግሞ የእማዬ ቃል አረጋገጠልኝ። ንገረኝ። ያለ ዛፍ፣ ያለ ወፍ፣ ያለ ጨረቃ። ሰው ለፖሊስ ቃሉን እንደሚሰጥ አድርገህ ጻፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 19 ቀን

እህቴ፤

ያለ ዛፍ ብለሻል።

ከምሳ በኋላ ነበር። አባዬ አጥሩ ሥር ውሃ ሲወጣ አየና ውጡ አለን። ወጣን። እማዬ ያጠፈችውን ልብስ እንደያዘች ወጣች። መንገዱ ላይ ደረስን። አባዬ ቆጠረን፤ አራታችንም ነበርን። ከቤቱ ምንም ነገር አልቀረንም፤ ቢቀርም የሚቆጭ ዕቃ አልነበረንም። የስፌት መኪና በሕይወታችን አልነበረም።

አንቺ የአባዬን ሱሪ ይዘሽ ነበር። "ሰውዬው እየጠራ ነው" አልሽ። አባዬ "ማን?" አለሽ። "ሰዓት ሠሪው። ከውስጥ እየጠራ ነው" አልሽ። እማዬ "ዝም በይ፣ ተረትሽን ተዪ" አለችሽ። አንቺ ግን አለቀስሽ፤ "እየጠራ ነው" አልሽ ደግመሽ። አባዬ አየሽ፤ ቤቱንም አየ። ሱሪውን ከእጅሽ አስለቀቀና ሮጠ። በሩ ውስጥ ሲገባ አይቼዋለሁ። ከዚያ የሆነውን አንቺም ታውቂያለሽ።

ሰዓት ሠሪው ጠዋት ነበር የወጣው። ሰዎች ሲሰበሰቡ ጃንጥላውን ይዞ ከኋላችን ቆሞ አገኘነው።

ከዚያ በኋላ አራት ወር አልተናገርሽም። በትምህርት ቤቱ ክፍል ጥግ ቁጭ ብለሽ ሰሌዳው ላይ የቀረውን የመደመር ሒሳብ ስታዪ ትውያለሽ። አንድ ቀን አፍሽን ከፈትሽና "አባዬ ለምን ተመለሰ?" አልሽ። ረስተሽው ነበር። እማዬ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ "እኔ ነኝ የላክሁት፤ የስፌት መኪናዬን እንዲያመጣልኝ" አለችሽ። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ማታ ወደ ደጅ አውጥታ አስማለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ማልኩ።

መጽሐፉን ስጽፍ እዚያ ቦታ ስደርስ ሦስት ወር ቆምኩ። መኪናውን ልጻፍ? እማዬን ሁለተኛ ላስጠይቃት? እውነቱን ልጻፍ? አንቺ ታነቢዋለሽ። አንድ ነገር ግን አባዬን መጥራት ነበረበት። አንቺ እንዳትሆኚ ተራራውን አደረግሁት።

ዋሽተሽ ይሁን ሰምተሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስድስት ዓመትሽ ነበር።

ወንድምሽ


ጥር 30 ቀን

ወንድም ጋሼ፤

ከወር በላይ ዝም ስላልኩ ይቅር በለኝ። ሹፌሩ ደብዳቤህን የችግኝ መደቦቹ መሃል ቆሜ ሳለሁ ነው የሰጠኝ። አነበብኩት፤ ኪሴ ከተትኩት፤ ከረጢት መሙላቴን ቀጠልኩ። ሥራ ሲያበቃ ልጃገረዶቹ "ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው?" አሉኝ። የሞላኋቸው ከረጢቶች ሁሉ ታቻቸው ያልተበሳ ነበር፤ ውሃ አያሳልፉም። ሁሉንም እንደገና አፈሰስናቸው።

ሦስት ሳምንት ሁለታችሁንም ናቅኋችሁ። በደንብ አድርጌ ነው የናቅኋችሁ። ይህ ምን ዓይነት ደግነት ነው? እናት ልጇ እንድትጠላት ፈቅዳ ሠላሳ ሁለት ዓመት ትኖራለች? ወንድም ቁጭ ብሎ ያያል? እኔ ደግሞ ጥላቻዬን እንደ ንጹሕ ዕቃ ወልውዬ ይዤ ኖሬአለሁ። ከሁላችንም የባሰች ሞኝ ግን ማን እንደሆነች አሁን ትሰማለህ።

ትናንት ከሥራ ገብቼ እማዬን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳትና "መጽሐፍ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው" አልኳት። ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። አንድም ቃል አልጨመርኩም። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"እኔ ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ማመንሽ ነበር። ያኔ መርፌ እንኳ አልነበረኝም እኮ። ስፌት የተማርኩት ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ከጎናችን ከነበረችው ሴትዮ ነው። አንቺው አይደለሽ ክር ታቀብዪኝ የነበርሽ? ለጽድ አበባ ከወንድምሽ ጋር ስትጨቃጨቂ እየሰማሁ፣ ይቺ ልጅ የእኔን መኪና ለምን አትመረምርም እል ነበር።"

እየሰማች ነበር፤ ደብዳቤ ስጽፍልህ ቃሉን እያጉረመረምኩ ነው ለካ የምጽፈው።

ልስቅ ወይ ላለቅስ አላወቅኩም። "ለምን እንድጠላሽ ተውሽኝ?" አልኳት። "ብትጠዪኝም ነይ ስልሽ ትመጪ ነበር" አለችኝ። "ራስሽን ብትጠዪ ግን ማን ይጠራሻል?" እጇን ያዝኩት። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አልጽፍልህም።

ቆየት ብላ "ሰምተሽ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ይዛው የኖረችው ጥያቄ ነው።

አላውቅም አልኳት። ግን ያለፈው ክረምት አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ከጣቢያው በላይ ያለው ዳገት ሊናድ ሲል ከዘብ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ሰማን። አፈር ሲገፋ ምሰሶና ማዕዘን ሲጨነቅ፣ ሥር ሲበጠስ ያቃስታል። ሦስት ጎልማሳ ሠራተኞች "ሰው አለ!" ብለው ሊገቡ ሮጠዋል፤ እኔ ነኝ እየጮኽኩ በእጄም በእግሬም ያስቆምኳቸው፤ ውስጡ ማንም አልነበረም። ለምን እንደዚያ እንደጮኽኩ ያኔ አልገባኝም ነበር። ይህን ለእማዬ ነገርኳት። እንዲህ ብዬ ስጽፍልህ እጄ እምቢ እያለኝ ነው፤ ግን ምዕራፍ ሰባትህ ሙሉ በሙሉ ውሸት ላይሆን ይችላል። ወይም ይህንንም አሁን የፈጠርኩት እኔ እሆናለሁ። ያ ልማዴ እንደነበር አንተው ነግረኸኛል።

እማዬ አልፈረደችም። አንገቷን ወደ እኔ አዘንብላ "ቀጥይ፤ ከዚያስ?" አለችኝ። መንገዱን ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ የያዘችው የታጠፈ ልብስ እንዴት እንደራሰ፣ ማን በጋሪ ወስዶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዳወረደን። "ከዚያስ?" አለችኝ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ከቅማሉና ከጥቁር ሰሌዳው በቀር ብዙም አላስታውስም፤ እማዬም ያንን ጊዜ በድካም ነው ያሳለፈችው፤ ብዙው ጠፍቶባታል። የምታውቀው አንተ ነህ። ስልሳ ገጽ ጽፌ ቀደድኩ ብለኸኝ የለ?

የቀደድከውን አልፈልግም። ሥራህን አስፈቅድና ና። ሹፌራችን ሐሙስ ሐሙስ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ሰው ያመጣል፤ ነግሬዋለሁ። መጥተህ እማዬ አጠገብ ቁጭ በልና ከትምህርት ቤቱ በር ጀምረህ ንገራት። እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

እህትህ